ያልተመዘገቡት መበለቶች

ልዩ ልዩ ሕዝብ በሚሰበሰብባት ቤተ ክርስቲያን ቤተኛው ማን ነው?



ዝናም በቀረበት በአንድ ዓመት፣ በደቡብ የአገራችን ክፍል በምትገኝ በአንዲት ማኅበረ ምእመናን አማካይነት ስንዴና ዘይት እናድል ነበር። ሥራው በሥርዓት የተያዘ መስሎን ነበር። ማስታወቂያው እሑድ ከስብከት በኋላ ተነገረ፤ መዝጋቢዎች ተመረጡ፤ የችግረኞች ስም ዝርዝርም በሽማግሌዎች ታይቶ ተፈረመበት። እደላው በተጀመረ በሦስተኛው ቀን ግን በዕድሜ የገፉ አንዲት ሸክላ ሠሪ ከአጥሩ ውጭ ቆመው አገኘናቸው። «እማማ፣ ስምዎ አልተጠራም እንዴ?» ብለን ጠየቅናቸው። በጥቂት አማርኛቸው፣ «ስማችንን ማን ጠየቀንና ይጠራል፣ ልጆቼ?» ሲሉ መለሱልን።

ወዲያው መዝገቡን ገልጠን ብናይ፣ ከወንዝ ማዶ ከሚኖሩት ሸክላ ሠሪዎች የአንድም ቤተሰብ ስም አልነበረበትም። እነዚህ ሰዎች ግን የዚያችው ማኅበር ምእመናን ናቸው፤ ከሌሎቹ ጋር በአንድ ወንዝ ተጠምቀዋል። ታዲያ እንዴት ተረሱ? ነገሩን ስናጣራ ሆን ብሎ ክፉ የሠራ ሰው አላገኘንም። ማስታወቂያው የተነገረው በአማርኛ ብቻ ነበር፤ አብዛኞቹ ግን አማርኛ አይሰሙም። መዝጋቢዎቹ የእድሩን መዝገብ ይዘው ነበር ስም የጻፉት፤ ሸክላ ሠሪዎቹ ግን በእድሩ ውስጥ የሉም። ዝርዝሩን ያዩት ሽማግሌዎች ሁሉም ከአንድ ወገን ነበሩ፤ ስለዚህ የጎደለውን ያስተዋለ አልተገኘም። እኛም ፊርማውን አይተን ተቀበልን። ስለዚህ ጥፋቱ የእኛም ነበር።

ይህንን የምንጽፈው ራሳችንን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። ልዩ ልዩ ቋንቋና ትውልድ ያላቸው ሰዎች በሚሰበሰቡባቸው አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ የሚነሣ ጥያቄ በመሆኑ፣ ከቃለ እግዚአብሔርና ከቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጋር እያመሳከርን ልናብራራው ስለ ወደድን ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንግዳና ቤተኛ

አስቀድመን ሦስት ነገሮችን መለየት ይገባናል። የመጀመሪያው ዘር ነው፤ ይኸውም ሰው ሳይመርጠው የሚወለድበት ትውልድና የቆዳ ቀለም ነው። መጽሐፍ ቅዱስ የሰው ወገን ሁሉ ከአንድ የመጣ መሆኑን ስለሚያስተምረን፣ በዘሩ ከፍ ወይም ዝቅ የሚል ሰው የለም። ሁለተኛው ባህል ነው፤ ይኸውም ቋንቋው፣ ዜማው፣ ምግቡ፣ ሰላምታው፣ የለቅሶና የሠርግ ሥርዓቱ ነው። ባህል በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ በራሱ ቅዱስም አይደለም። በእያንዳንዱ ሕዝብ ባህል ውስጥ በምስጋና የምንቀበለው አለ፤ በወንጌል ብርሃን የምንተወውም አለ። ሦስተኛው ቤተኛነት ነው፤ ይኸውም አንድ ሰው «ይህ ቤት የእኔም ቤት ነው» ለማለት መቻሉ ነው።

ብዙ ጊዜ ሦስተኛውን እንዘነጋለን። በበር ላይ ቆመን በፈገግታ ሰላምታ ስለሰጠን ብቻ ሁሉም ሰው ቤተኛ የሆነ ይመስለናል። ነገር ግን እንግዳ ሆኖ መስተናገድና ቤተኛ መሆን አንድ አይደሉም። እንግዳ የተሻለው መቀመጫ ይሰጠዋል፤ የቤት ልጅ ግን መሶቡን ራሱ ይከፍታል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ ከአሕዛብ ያመኑት እንግዶችና መጻተኞች መሆናቸው ቀርቶ የእግዚአብሔር ቤተ ሰዎች መሆናቸውን የነገራቸው ይህንኑ ልዩነት አስተውሎ ነው። ወደ ባዕድ አገር ተሰደው በሌሎች ቤተ ክርስቲያን የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጡ ወገኖቻችንም ይህን ልዩነት ያለ አስተማሪ ያውቁታል።

በኢየሩሳሌም የተነሣው ማጉረምረም

በቤተ ክርስቲያን ታሪክ በሕዝብና በሕዝብ መካከል የተነሣው የመጀመሪያው ቅሬታ ስለ ትምህርተ ሃይማኖት አልነበረም፤ ስለ እህል እደላ ነበር። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደምናነበው፣ ግሪክኛ የሚናገሩት ምእመናን መበለቶቻቸው በየዕለቱ እደላ ችላ መባላቸውን አይተው በይሁዳ ተወላጆች ላይ አጉረመረሙ። ሁለቱም ወገኖች አይሁድ ነበሩ፤ ሁለቱም በአንድ ጌታ ያምኑ ነበር። የለያቸው ቋንቋና አስተዳደግ ነበር። ያም ልዩነት አንዲት መበለት ጾሟን እንድታድር ለማድረግ በቂ ሆነ።

ሐዋርያት ያደረጉትን እናስተውል። አንደኛ፣ «ገና አሁን ያመናችሁ ሰዎች ናችሁ፣ ታገሡ» ወይም «በመካከላችን ልዩነት አታምጡ» ብለው ቅሬታውን አላፈኑም። ሁለተኛ፣ ጉዳዩን በጥቂት ሰዎች መካከል ሸሽገው አልጨረሱም፤ ማኅበሩን ሁሉ ጠሩ። ሦስተኛ፣ እህል ማደል ተራ ሥራ ነውና ማንም ይሥራው አላሉም፤ በመንፈስ ቅዱስና በጥበብ የተሞሉ፣ መልካም ስም ያላቸው ሰዎች እንዲመረጡ አዘዙ። አራተኛው ከሁሉ ይበልጣል። የተመረጡት የሰባቱም ሰዎች ስሞች የግሪክ ስሞች ናቸው፤ ከእነርሱም አንዱ፣ የአንጾኪያው ኒቆላዎስ፣ በትውልድ አይሁዳዊ አልነበረም። እርግጥ ከአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት መካከልም ፊልጶስና እንድርያስ የግሪክ ስም ነበራቸው፤ ስለዚህ ስም ብቻውን የትውልድ ማስረጃ አይሆንም። ሆኖም ሰባቱም እንዲህ መሆናቸው በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም። ማኅበሩ የጎተራውን ቁልፍ የሰጠው ከተበደለው ወገን ለመጡ ሰዎች ነበር ለማለት ያስደፍራል።

ይህ ለእኛ ለእርዳታ ሠራተኞች ትልቅ ትምህርት ነው። እኛ ብዙ ጊዜ የተረሳውን ሰው በመዝገቡ ላይ እንጨምራለን፤ መዝገቡን የሚይዘው እጅ ግን የቀድሞው ይሆናል። ሐዋርያት ግን ስም በመጨመር አላቆሙም፤ ሥልጣኑን አካፈሉ።

በአንጾኪያ፦ ጴጥሮስ መቀመጫውን በለወጠ ጊዜ

ሁለተኛው ምሳሌ አንጾኪያ ናት። የዚያች ቤተ ክርስቲያን ነቢያትና መምህራን በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 13 ተዘርዝረዋል። በርናባስ የቆጵሮስ ሌዋዊ ነው፤ ስምዖን «ኔጌር» ይባላል፤ ትርጉሙም ጥቁር ማለት ነው፤ ሉክዮስ ከሰሜን አፍሪካ ከቀሬና የመጣ ነው፤ ምናሔ ከገዥው ከሄሮድስ ጋር ያደገ ነው፤ ሳውል ደግሞ የጠርሴስ ሰው ነው። ደቀ መዛሙርት ለመጀመሪያ ጊዜ ክርስቲያን የተባሉትም በዚችው ከተማ ነው። ምናልባትም የከተማው ሰዎች ይህን የተደባለቀ ማኅበር በዘር ስም ሊጠሩት ስላልቻሉ ይሆናል። በክላውዴዎስ ዘመን ረሃብ በሆነ ጊዜ፣ ይህችው ማኅበር በይሁዳ ለሚኖሩት ወንድሞች እርዳታ አዋጥታ በበርናባስና በሳውል እጅ ላከች። እንግዲህ ልዩ ልዩ ሕዝብ የተሰበሰበባት ቤተ ክርስቲያን፣ በታሪክ የምናውቃት እርዳታ ላኪ ቤተ ክርስቲያንም ናት።

ነገር ግን በአንጾኪያም ፈተና ነበር። በገላትያ መልእክት ምዕራፍ 2 እንደ ተጻፈው፣ ጴጥሮስ ከአሕዛብ ወገን ካመኑት ጋር አብሮ ይበላ ነበር፤ ከኢየሩሳሌም ሰዎች በመጡ ጊዜ ግን ፈርቶ ከማዕዱ ተለየ። ጴጥሮስ ስብከቱን አልለወጠም፤ የለወጠው መቀመጫውን ነው። ጳውሎስ ግን ይህን ከወንጌል እውነት ጋር የሚጋጭ መሆኑን በሁሉ ፊት ነገረው። ከማን ጋር እንበላለን የሚለው ጥያቄ የባህል ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

«ለደካሞች ሲባል»፦ ከደቡብ አፍሪካ የምንማረው

መቀመጫ መለወጥ የት ድረስ ሊያደርስ እንደሚችል የደቡብ አፍሪካ ታሪክ ያሳየናል። በኬፕ የነበረችው የደች ሪፎርምድ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ በ1829 የጌታ እራት በቀለምና በትውልድ ሳይለይ ለምእመናን ሁሉ በአንድነት እንዲሰጥ ወስኖ ነበር። ይሁን እንጂ አንዳንድ ነጮች ምእመናን ከአገሬው አዳዲስ አማኞች ጋር አብረው መቁረብን አልወደዱም። በ1857 ጉዳዩ እንደገና በሲኖዶስ ፊት ቀረበ። ሲኖዶሱም በአንድነት ማምለክ የሚወደድና ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር የሚስማማ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ፣ በአንዳንዶች ድካም ምክንያት ሥራው የሚሰናከል ከሆነ ግን የተለየ ሕንፃ መጠቀም እንዲቻል ፈቀደ።

ውሳኔው በጊዜው ትንሽ ነገር ይመስል ነበር። ለደካሞች ወንድሞች ሲባል የተደረገ ጊዜያዊ ትዕግሥት ተብሎ ነበርና። ነገር ግን የተለየው ሕንፃ የተለየ ማኅበር ሆነ፤ በ1881 ደግሞ የተለየች ቤተ ክርስቲያን፣ የሚሲዮን ቤተ ክርስቲያን ተብላ ተቋቋመች። ከዚያም በኋላ ልዩነቱ ድካም መባሉ ቀርቶ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው የሚሉ አስተማሪዎች ተነሡ። በ1948 የአፓርታይድ መንግሥት ሥልጣን ሲይዝ፣ ዘርን ለይቶ ለማኖር የሚደግፍ ትምህርት በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተዘጋጅቶ ቆይቶት ነበር።

በኋላም መልሱ የመጣው ከተለዩት ወገን ነው። በ1982 የሚሲዮን ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ በቤልሃር ተሰብስቦ አፓርታይድን መደገፍ የእምነት ጉዳይ መሆኑን አስታወቀ፤ ስለ ቤተ ክርስቲያን አንድነት፣ ስለ እርቅና ስለ ፍትሕ የሚናገር የእምነት መግለጫም አረቀቀ። መግለጫው በ1986 ጸደቀ። በዚያው በ1982 የዓለም ሪፎርምድ አብያተ ክርስቲያናት ኅብረት በኦታዋ ባደረገው ጉባኤ አፓርታይድን በሃይማኖት መደገፍ ኑፋቄ ነው አለ። በ1990 በሩስተንበርግ በተደረገ የአብያተ ክርስቲያናት ስብሰባ፣ የነጮቹ ቤተ ክርስቲያን የነገረ መለኮት ሊቅ የነበሩት ዊሊ ዮንከር የራሳቸውንና የወገናቸውን በደል በሁሉ ፊት ተናዘዙ። በ1994 ደግሞ የሚሲዮን ቤተ ክርስቲያንና የጥቁሮቹ ቤተ ክርስቲያን ተዋሕደው አንዲት ቤተ ክርስቲያን ሆኑ።

ከ1857 እስከ 1994 ያለው ጊዜ 137 ዓመት ነው። አንድን ማዕድ ለመክፈል የአንድ ስብሰባ ውሳኔ በቃ፤ የተከፈለውን ለመጠገን ግን የልጅ ልጅ ዘመንም አልበቃም።

በአገራችን ያለው ነገር

የደቡብ አፍሪካን ታሪክ ሰምተን «እኛስ እንዲህ አይደለንም» ለማለት መቸኮል የለብንም። የእኛ ልዩነት በቆዳ ቀለም ባይሆንም በቋንቋ፣ በትውልድና በሙያ ይታያል።

በመጀመሪያ ቋንቋን እናንሣ። በልጅነታቸው በባርነት ተሽጠው በምጽዋ ነጻ የወጡት ኦነሲሞስ ነሲብ፣ እንደ እርሳቸው ከባርነት ነጻ ከወጡት ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክመው ያዘጋጁት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ። በገበያ የተሸጡ ሰዎች ሕዝባቸው የእግዚአብሔርን ቃል በእናቱ ቋንቋ እንዲሰማ አደረጉ። በአንጻሩ ግን በ1944 ስለ ሚሲዮኖች የወጣው ደንብ የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን ያዝዝ ነበር። አማርኛ ልዩ ልዩ ሕዝብን የሚያገናኝ ቋንቋ በመሆን ብዙ ጠቅሟል፤ ይህንንም ጽሑፍ የምናነብበው በእርሱ ነው። ይሁን እንጂ ትምህርት ቤት ያልገቡ እናቶች በገዛ ቤተ ክርስቲያናቸው እንግዶች ሆነው የቆዩበትም ምክንያት ሆኗል።

ሁለተኛው ባህል ነው። የወላይታ ታሪክ እንደሚያስታውሰን፣ በ1928 የተጀመረው የወንጌል ሥራ ሚሲዮናውያን በጣሊያን ወረራ ጊዜ አገር ለቀው ከወጡ በኋላ በአገሬው አማኞች እጅ እጅግ በዛ። የወላይታ ወንጌላውያንም ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ጎረቤት ሕዝቦች ሄዱ፤ ብዙ መከራም ተቀበሉ። ቋንቋውን ተምሮ ከሕዝቡ ጋር የኖረ ወንጌላዊ እርሱ ከሄደ በኋላም የምትቆም ቤተ ክርስቲያን ትቶ ይሄዳል። ነገር ግን ወንጌላዊ ማንም ቢሆን ከወንጌሉ ጋር የአገሩንም ልማድ ይዞ ይሄዳልና፣ «ይህ የክርስቶስ ትእዛዝ ነው? ወይስ የእኛ ቀዬ ልማድ?» እያለ ራሱን መጠየቅ አለበት።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚከብደው፣ በሙያና በትውልድ የተናቁ ወገኖች ጉዳይ ነው። ሸክላ ሠሪው፣ ቆዳ ፋቂውና ብረት ቀጥቃጩ በብዙ የአገራችን ክፍል ተለይተው ኖረዋል። በከፋ ማንጆ የሚባሉት ወገኖች ከሌላው ሕዝብ ጋር ከአንድ ዕቃ እንዳይበሉ፣ በጋብቻም እንዳይተሳሰሩ ለብዙ ትውልድ ተከልክለው ቆይተዋል። እንጀራ የምንጋግርበት ምጣድና ቡና የምናፈላበት ጀበና የእጃቸው ሥራ ሆኖ ሳለ፣ ያንኑ እጅ ከመሶባችን እናርቃለን። ይህ ልማድ በቤተ ክርስቲያን በር ላይ የሚቀር ቢሆን መልካም ነበር፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ አብሮን ይገባል።

በየቋንቋው ማምለክ መለያየት ነውን?

አንዳንድ ሽማግሌዎች «ለእያንዳንዱ ቋንቋ የተለየ የአምልኮ ሰዓት ከሰጠን የደቡብ አፍሪካን ስሕተት መድገማችን አይደለምን?» ብለው ጠይቀውናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ልዩነቱ እንዲህ ነው። ሰው እንዲሰማ ተብሎ በቋንቋው የሚደረግ አምልኮ ለእርሱ በር መክፈት ነው። ሰው እንዳይቀርበን ተብሎ የሚደረግ የተለየ ስብሰባ ግን በር መዝጋት ነው። ሁለቱን ለመለየት አራት ነገሮችን እንመርምር። የጌታ ማዕድ አንድ ነው? የሽማግሌዎች ጉባኤ የጋራ ነው? የገንዘብ ሣጥኑ የጋራ ነው? ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ለመምጣት የፈለገ ሰው ያለ ሐፍረት መምጣት ይችላል? ለአራቱም «አዎን» ማለት ከቻልን፣ በሁለት ወይም በሦስት ቋንቋ መዘመራችን አንድነታችንን አያፈርሰውም።

ከዚያ ወዲህ የምንሠራበት መንገድ

በዚያች ማኅበር ከተፈጠረው ስሕተት በኋላ ሥራችንን በአንዳንድ ነገር ለውጠናል። ማስታወቂያ በማኅበሩ ውስጥ በሚነገሩት ቋንቋዎች ሁሉ እንዲነገርና ሰዎቹ ወዳሉበት መንደርም እንዲደርስ እናደርጋለን። ምዝገባ በእድር መዝገብ ብቻ አይደረግም፤ መዝጋቢዎቹ በየቤቱ ይዞራሉ፤ ከመካከላቸውም ከተናቀው ወገን የመጣ ሰው፣ ሴቶችም ጭምር ይኖራሉ። ዝርዝሩ ከመፈረሙ በፊት በመንደር በመንደሩ ተለይቶ በአደባባይ ይነበባል፤ «ያልተጠራ ማን አለ?» ተብሎም ይጠየቃል። የመጋዘን ቁልፍ ከአንድ ወገን በመጡ ሰዎች እጅ ብቻ እንዳይሆን እንጠነቀቃለን። ቅሬታ ያለው ሰው ቅሬታውን የሚሰማለት፣ ከመዝጋቢዎቹ የተለየ ሰው እንዲኖር እናደርጋለን።

ይህ ሁሉ ያለ ዋጋ አልሆነም። ሥራው ዘግይቷል። «ከእንግዲህ እነርሱ ሊያዙን ነው» ያሉ ነበሩ፤ ከሽማግሌዎችም መካከል አንዱ ለጥቂት ጊዜ ከጉባኤው ቀሩ። እኛም በማኅበሩ ሁሉ ፊት ቆመን ይቅርታ ጠየቅን። የተረሱት ቤተሰቦች በሁለተኛው እደላ ድርሻቸውን ተቀበሉ፤ በመጀመሪያው ወር ያለፈባቸውን ረሃብ ግን ልንመልስላቸው አልቻልንም።

ከእደላው በኋላ እኒያ እናት «ቡናዬን ትጠጣላችሁ?» ብለው ጠየቁን። እርሳቸውም እኛም ጥያቄው ስለ ቡና ብቻ አለመሆኑን አውቀን ነበር። ሁለት ሽማግሌዎች ከእኛ ጋር ወንዙን ተሻገሩ። አንደኛው ገብተው ተቀመጡ፤ ሲኒውን ተቀብለው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ ጠጡ። ሁለተኛው «እዚሁ ልጠብቃችሁ» ብለው ከደጅ ቀሩ። እናታችንም ይህን እያዩ ቅር ሳይሰኙ ሦስተኛውን ሲኒ ቀድተው በረከቦቱ ላይ አቆዩላቸው። ስንወጣ ሲኒው እንደ ተቀዳ ነበር።

ሥራችን ያለው በዚያ በተቀዳው ሲኒና በደጁ መካከል ነው። በቅርብ ዓመታት በብሔር ምክንያት ብዙ ሰው ከቀዬው በተፈናቀለባት በአገራችን፣ ሕዝብ ከቤተ ክርስቲያን የሚጠብቀው ስለ አንድነት የተሰበከ ስብከት ብቻ አይደለም። የተጠማውን ማን እንደ ጠራው፣ ከማን ጋር እንዳስቀመጠውም ይመለከታል።

ለማኅበራትና ለሥራ ኮሚቴዎች የመወያያ ጥያቄዎች

1. በማኅበራችን ስንት ቋንቋ ይነገራል? በጸሎትና በመዝሙር የሚሰማውስ ስንቱ ነው?

2. ከሽማግሌዎች፣ ከገንዘብ ያዦችና ከእደላ ኮሚቴ አባላት መካከል ከየትኛው ወገን የመጣ ሰው የለም? ለምን?

3. ከአምልኮ በኋላ ማን ከማን ጋር ቡና ይጠጣል? በሐዘን ጊዜ ማን የማንን ሬሳ ይሸከማል?

4. በመካከላችን «ለደካሞች ሲባል» ብለን የታገሥነው፣ አሁን ግን ልማድ የሆነብን ነገር አለ?

እባካችሁ መልሳችሁን በደብዳቤ ጽፋችሁ ላኩልን፤ ለሌሎች ጣቢያዎች ትምህርት ይሆናል። በጸሎታችሁም ወንዝ ማዶ ያሉትን ቤተሰቦች፣ ገብተው የጠጡትን ሽማግሌ፣ ይልቁንም ከደጅ የቀሩትን ሽማግሌ አስቡልን። እኛንም አስቡን፤ መዝገብ በያዝን ጊዜ ያልተጻፈውን ስም እናይ ዘንድ።